ክሪስታል ሪፖርት ላይ የቀን ፊልዱ በአንድ ሌሊት ስትሪንግ (ጽሁፍ) ሆኖ አደረ፣ እርዱኝ

ቤቲ_ከሳሪስ | ሰኞ ጠዋት 4፡10

ሰላም ጓዶች እንዴት ናችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የምሰራበት ድርጅት መድኃኒት አከፋፋይ ነው፣ ወርሃዊ የሽያጭ ሪፖርታችንን እኔ ከመግባቴ በፊት የነበረ ልጅ ነው በክሪስታል (ሪፖርት ማውጫው ሶፍትዌር) የሰራው እና ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አስቸግሮ አያውቅም ነበር። ቅዳሜ ሲስተሙን የሸጡልን ሰዎች መጥተው የዳታቤዙን ሰርቨር ከኤስኪውኤል ሰርቨር 2008 ወደ 2019 አሻገሩት፣ ሲስተሙንም አብረው አፕግሬድ አደረጉት፣ ሁሉም ነገር ሰላም ነው ብለው አስፈርመውን ሄዱ። ዛሬ ጠዋት ሪፖርቱን ስከፍተው ‹‹ኤ ዴት-ታይም ኢዝ ሪኳየርድ ሂር›› (እዚህ ጋ ቀን ከነሰዓቱ ያስፈልጋል) ብሎ ፎርሙላው ላይ ድርቅ አለ። ቬሪፋይ ዳታቤዝ ብዬ ፊልድ ኤክስፕሎረር ውስጥ ሳየው የሽያጭ ቀን የሚለው ፊልድ ስትሪንግ ሆኗል፣ ርዝመቱ ደግሞ 10። የሚገርመው ሰርቨሩ ላይ ገብቼ ቴብሉን ሳየው ዴት ነው የሚለው! የቱን ልመን? የፋይናንስ ኃላፊያችን የጥቅምትን ሪፖርት እስከ ረቡዕ ትፈልጋለች፣ ‹‹ቤቲዬ ደረሰ ወይ›› እያለች በየግማሽ ሰዓቱ ትደውላለች፣ ስልኬ ሲጮህ ሆዴ መንቦጭቦጭ ጀምሯል። ክሪስታሉ 2016 ነው።

ማሙሽ2 | ሰኞ 4፡25

ቤቲ ይሄ እኮ ቀላል ነው። ሴሌክት ኤክስፐርት ውስጥ ግቢና ፊልዱን ሲዴት በሚለው ፋንክሽን ጠቅልይው፣ ስትሪንጉን ወደ ቀን ይቀይርልሻል አለቀ። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው፣ 5 ደቂቃ አይፈጅም፣ ቡናሽን እየጠጣሽ።

ቤቲ_ከሳሪስ | ሰኞ 5፡40

ማሙሽዬ አመሰግናለሁ፣ እንዳልከው አደረኩት ኤረሩ ጠፋ። ግን ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ፣ ድሮ አንድ ደቂቃ የማይሞላው ሪፖርት አሁን 25 ደቂቃ ቆየ፣ ከታች ሪከርድ የሚቆጥረው ቁጥር ሲሮጥ ሲሮጥ ሁለት ሚሊዮን አለፈ፣ የጥቅምት ሽያጭ እኮ ቢበዛ ቢበዛ ሰላሳ ሺህ መስመር ነው። ጭራሽ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ‹‹ባድ ዴት ፎርማት ስትሪንግ›› ብሎ ተኛ። ቡናዬም ቀዘቀዘ።

ሽቦ_ቆራጩ | ሰኞ 6፡05

ማሙሽ በቅንነት እንደመከርካት አውቃለሁ ግን ይሄ ምክር ብዙ ሰው ያስለቀሰ ምክር ነው። ክሪስታል ሴሌክት ኤክስፐርት ውስጥ የጻፍሽውን ማጣሪያ ወደ ኤስኪውኤል ቀይሮ ለሰርቨሩ ይልከዋል፣ የሚችለውን ከሆነ ነው ታዲያ። ፊልዱን ራሱን በክሪስታል ፋንክሽን ከጠቀለልሽው መቀየር አይችልም፣ ስለዚህ ምን ያደርጋል፣ ቴብሉን በሙሉ ኮምፒውተርሽ ላይ ይጎትትና እዛው አንድ በአንድ ያጣራል። ሁለት ሚሊዮኑ ከዚያ ነው የመጣው። ካላመንሽ ዳታቤዝ ከሚለው ሜኑ ሾው ኤስኪውኤል ኩዌሪ በይና እዪው፣ ዌር የሚለው የማጣሪያ መስመር ጠፍቶ ታገኚዋለሽ።

‹‹ባድ ዴት›› ያለሽ ደግሞ ቀናቸው ነል (ምንም ያልተሞላበት) የሆኑ መስመሮች ስላሉ ይመስለኛል። ሪፖርት ኦፕሽን ውስጥ ነልን ወደ ዲፎልት ቀይር የሚለው ላይ ምልክት ካለ፣ ነሉ ባዶ ስትሪንግ ይሆናል፣ ባዶ ስትሪንግን ደግሞ ክሪስታል ወደ ቀን መቀየር አይችልም።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ በምን ድራይቨር (ክሪስታልን ከዳታቤዙ የሚያገናኘው ፕሮግራም) ነው የምትገናኙት? ሴት ዳታሶርስ ሎኬሽን ውስጥ ገብተሽ ፕሮፐርቲውን ክፈቺ። ኦዲቢሲ (ፕሮግራምን ከዳታቤዝ የማገናኛ መንገድ) ከሆነ የዲኤስኤኑን (የተቀመጠው የግንኙነት ቅንብር) ስም ያዢና ኦዲቢሲ አድሚኒስትሬተር ላይ ከስሙ ጎን የተጻፈውን የድራይቨር ስም ንገሪኝ። እኔ ከወዲሁ ገምቻለሁ ግን አንቺ ንገሪኝ።

ቤቲ_ከሳሪስ | ሰኞ 6፡20

እንዳልከው ዌር የለውም ወይኔ። ድራይቨሩ ‹‹ኤስኪውኤል ሰርቨር›› ብቻ ይላል፣ ሌላ ምንም ቁጥር የለውም።

ሽቦ_ቆራጩ | ሰኞ 6፡45

በቃ ተገኘ። እሱ ዊንዶውስ ሲጫን አብሮ የሚመጣው የድሮው ድራይቨር ነው። ዴት፣ ታይም፣ ዴትታይም2 የሚባሉት ታይፖች (የዳታ ዓይነቶች) የመጡት ከኤስኪውኤል ሰርቨር 2008 ጋር ነው፣ ከዚያ በፊት የነበረው ዴትታይም ብቻ ነው (ስሞልዴትታይምን ሳንረሳ)። ድሮ የተሰራው ድራይቨር እነዚህን አዲሶቹን አያውቃቸውም፣ የማያውቀውን ነገር ደግሞ እንደ ጽሁፍ ነው የሚያቀብልሽ። ዴቱን ‹‹2025-11-08›› ብሎ በ10 ፊደል ይልከዋል፣ ርዝመቱ 10 ያለሽ ለዛ ነው፣ ቁጠሪው። ክሪስታል ዳታቤዙን በዓይኑ አያየውም፣ የሚያወራው ከድራይቨሩ ጋር ነው። በአስተርጓሚ እንደመነጋገር በይው፣ ሰውየው አማርኛ እያወራ አስተርጓሚው ግማሹን ካልሰማ ፈረንጁ የሚጽፈው አስተርጓሚው ያለውን ነው። ስለዚህ ሰርቨሩም አልዋሸሽም ክሪስታልም አልዋሸሽም፣ መሀል ያለው ነው።

እና ለምን ስድስት ዓመት ሰራ ካልሽ፣ ኮለሙ ድሮ ዴትታይም ነበር ማለት ነው። ቅዳሜ የመጡት ሰዎች ‹‹ሰዓቱን ማን ይፈልገዋል›› ብለው ወደ ዴት ቀይረውታል። ከቻልሽ ከባክአፑ አረጋግጪ።

መፍትሄው ኦዲቢሲ ድራይቨር 17 አውርደሽ መጫን፣ በእሱ አዲስ ዲኤስኤን መስራት፣ ክሪስታል ላይ ሴት ዳታሶርስ ሎኬሽን ብለሽ ወደ እሱ ማዞር፣ ከዛ ቬሪፋይ ዳታቤዝ። 18ም አለ ግን 18 ግንኙነቱ ካልተመሰጠረ አልሄድም የሚል ጸባይ አለው፣ ሰርቨራችሁ ላይ ትክክለኛ ሰርተፍኬት ከሌለ በዛ ኤረር ደግሞ ሌላ ሁለት ቀን ይሄዳል። ለአሁኑ 17።

ሜሪላንድ_ነኝ | ሰኞ ማታ 12፡30

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ገና ጠዋት ነው፣ ቡና ይዤ ነው የማነበው። ሽቦ ቆራጩ ያለው ልክ ነው ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ሪፖርቱን ስንት ሰው ነው ከስንት ማሽን ላይ የሚከፍተው? አስራ አምስት ማሽን ከሆነ አስራ አምስቱም ላይ ድራይቨር መጫን ሊኖርብሽ ነው። እኔ ብሆን ድራይቨሩን ሳልነካ ሪፖርቱ ውስጥ አድ ኮማንድ ብዬ ኤስኪውኤሉን ራሴ እጽፈዋለሁ፣ ቀኑን ካስት አድርጌ እንደ ዴትታይም አወጣዋለሁ፣ ዴትታይምን የድሮው ድራይቨር ያውቀዋል። ዌሩ ላይ ግን ካስት ያደረግሽውን ሳይሆን ዋናውን ኮለም ተጠቀሚ፣ አለበለዚያ ኢንዴክሱን (ፍለጋ የሚያፈጥነውን ማውጫ) ላይጠቀምልሽ ይችላል።

ሽቦ_ቆራጩ | ሰኞ ማታ 1፡15

ወንድሜ ይሄ ፕላስተር ነው። አንዱን ሪፖርት አዳነች እንበል፣ ነገ ሌላው ሪፖርት ላይ የመድኃኒቱ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ይመጣል፣ እሱንም ዴት አድርገውት እንደሆነስ? ለእያንዳንዱ ኮማንድ ስትጽፍ ልትኖር ነው?

ሜሪላንድ_ነኝ | ሰኞ ማታ 1፡40

ፕላስተርም ቢሆን ረቡዕ ይደርሳል ብዬ ነው ጌታው። ሰው እየደማ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ አይያዝለትም። ድራይቨሩን በኋላ ታደርገዋለች።

ማሙሽ2 | ሰኞ ማታ 2፡00

እኔ ጥፋቴን አምኛለሁ። 12 ሪፖርቴ ላይ ሲዴት አለ አሁን ቁጭ ብዬ እየቆጠርኩ ነው። ለካ ሰው ሁሉ ‹‹ኔትወርኩ ነው›› የሚለኝ እኔው ነኝ።

ቤቲ_ከሳሪስ | ማክሰኞ ጠዋት 3፡30

ሁለታችሁም ተባረኩ። የሚከፍቱት አራት ማሽኖች ብቻ ስለሆኑ ድራይቨር መጫኑን መረጥኩ። ጫንኩ፣ ዲኤስኤን ሰራሁ፣ ቴስት ኮኔክሽን ብዬ ‹‹ሰክሰስ›› አለ፣ እልል አልኩ። ክሪስታል ላይ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም! ዘግቼ ከፈትኩ፣ ሪስታርት አደረኩ፣ የለም። እያበድኩ ነው።

ሽቦ_ቆራጩ | ማክሰኞ 3፡42

ይሄ ያልያዘው ሰው የለም አይዞሽ። ክሪስታል 2016 ዲዛይነሩ 32 ቢት ነው (64 ቢት የሆነው 2020 ላይ ነው)። አንቺ የሰራሽው ዲኤስኤን በ64 ቢቱ አድሚኒስትሬተር ነው፣ 32 ቢት ፕሮግራም እሱን አያይም። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሲስዋው64 የሚል አለ፣ እዛ ውስጥ ያለውን ኦዲቢሲ አድሚኒስትሬተር ክፈቺና እንደገና ስሪው። አዎ፣ 64 የሚል ስም ያለው ፎልደር ውስጥ ያለው 32ቱ ነው፣ ሲስተም32 ውስጥ ያለው ደግሞ 64ቱ። ስሙን ማን እንዳወጣው አትጠይቂኝ። ድራይቨሩን ድጋሚ መጫን የለብሽም፣ የ64 ቢቱ መጫኛ 32ቱንም አብሮ ነው የሚያስገባው።

አዲስ_ምሩቅ | ማክሰኞ 4፡00

ይቅርታ ክሩን ላላበላሽ ግን እኔም የታይፕ ችግር ስለሆነ እዚሁ ልጠይቅ፣ የሰራተኛ ደመወዝ ዝርዝር ከሲስተማችን ወደ ሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ የጽሁፍ ፋይል) አውጥቼ በኤክሴል ስከፍተው የባንክ ሂሳብ ቁጥሩ ሁሉ 1.00024ኢ+12 እየሆነ ነው፣ ስልኩም ከፊት ያለው ዜሮ ይጠፋል፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩም እንዲሁ። ሴቭ አድርጌ ለባንክ ልኬው ‹‹ሁሉም ሰው አንድ ሂሳብ ነው ያለው ወይ›› ተባልኩ አፈርኩ። 🙈

ሜሪላንድ_ነኝ | ማክሰኞ ከሰዓት 10፡10

እህቴ ይሄ የኤክሴል ጸባይ ነው፣ ቁጥር የመሰለውን ሁሉ ቁጥር ያደርገዋል። ከ11 ዲጂት በላይ ሲሆን ደግሞ በተራ ፎርማት አሳጥሮ በኢ ይጽፈዋል፣ የሂሳብ ቁጥሩ 13 ዲጂት ነው ኢ ውስጥ ገባ። መጥፎው ነገር ማሳጠሩ አይደለም፣ ሲኤስቪ አድርገሽ ሴቭ ስትይ የሚጽፈው የሚታየውን ነው፣ ያን ጊዜ ዲጂቶቹ በቃ ሄዱ፣ መልሰሽ አታገኚያቸውም። ዋናውን ፋይል አልደመሰስሽውም አይደል?

እና ከዚህ የባሰ አለ፣ ኤክሴል በአንድ ቁጥር 15 ዲጂት ብቻ ነው የሚይዘው። የፋይዳ ካርድ ላይ ያለው 16 ዲጂቱ ቁጥር እንደ ቁጥር ከገባ የመጨረሻዋ ዲጂት ዜሮ ትሆናለች፣ ፎርማቱን አስተካክለሽው ከሆነ ደግሞ ኢ ስለማይታይሽ ጭራሽ ላታስተውዪው ትችያለሽ። እኔ የምጠቀምበት ፈተና ቀላል ነው፣ ሁለት ስልክ ቁጥር ደምረሽ ታውቂያለሽ? የማትደምሪውን ነገር ስትሪንግ አድርገሽ ያዢው፣ ዳታቤዙም ላይ ቢሆን። ኢንት (ሙሉ ቁጥር የሚይዘው ታይፕ) ላይ ያስገቡ ሰዎች አይቻለሁ፣ ኢንት 2,147,483,647 ላይ ያበቃል፣ በ251 የሚጀምር ስልክ 12 ዲጂት ነው አይገባም፣ ዜሮውን አውጥተው በ9 ሲያስገቡ ይገባና ሰላም ነው ይላሉ፣ የመለያ ቁጥሩ ግን ከፊት ዜሮ ዜሮ ካለው ስንት ዜሮ እንደነበረ ማን ሊነግርሽ ነው።

ለአሁኑ ሲኤስቪውን በሁለት ክሊክ አትክፈቺው፣ ባዶ ኤክሴል ክፈቺና ዳታ ከሚለው ፍሮም ቴክስት ብለሽ አስገቢው፣ እነዚህን ኮለሞች ቴክስት በያቸው።

ቤቲ_ከሳሪስ | ማክሰኞ 10፡30

ክሪስታል ላይ ላላችሁ ደግሞ ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር፣ ቁጥሩን ወደ ጽሁፍ ስትቀይሩ ቱቴክስት ብቻ ካላችሁ ኮማና ነጥብ ዜሮ ዜሮ ያስገባበታል፣ ከኋላ ዜሮ ዴሲማል እና ባዶ መለያ ስጡት ንጹህ ይሆናል። ይሄን አውቅ ነበር ሲያንስ 😄

በነገራችን ላይ ሲስዋው64 ሰራ!! ዲኤስኤኑ ታየኝ፣ ቬሪፋይ አልኩ፣ ፊልዱ ዴት ሆነ። ከዛ ምን አለኝ መሰላችሁ፣ አሁን ደግሞ ‹‹ኤ ዴት ኢዝ ሪኳየርድ ሂር››። ድሮ ዴትታይም ፈለገ አሁን ዴት ፈለገ፣ ምን ላድርግለት ይሄ ሰውዬ።

ሽቦ_ቆራጩ | ማክሰኞ 11፡00

ጥሩ ዜና ነው ይሄ ኤረር። ፊልዱ አሁን ዴት ነው፣ ‹‹ከ›› እና ‹‹እስከ›› የሚሉት ፓራሜትሮችሽ (ሪፖርቱ ሲወጣ የሚሞሉት ቀኖች) ግን ድሮ ዴትታይም ሆነው ነው የተሰሩት። ሁለቱን ማወዳደር አልፈልግም እያለሽ ነው። ፓራሜትሮቹን ሲዴት ውስጥ ጠቅልያቸው። አትሳቂ፣ ማሙሽ ያለው ፋንክሽን ነው፣ ቦታው ነው የተለየው። ፊልዱን ስትጠቀልዪ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ማስላት ነው፣ ፓራሜትሩን ስትጠቀልዪ ግን አንዴ ተሰልቶ ያለቀ ቋሚ ቀን ስለሆነ ክሪስታል ለሰርቨሩ ይልከዋል። ከጨረሽ በኋላ ሾው ኤስኪውኤል ኩዌሪ ብለሽ ዌሩ መመለሱን እዪ።

ማሙሽ2 | ማክሰኞ 11፡04

ክብሬ ግማሹ ተመለሰ።

ማይክሮው | ማክሰኞ ማታ 2፡20

ስለ ቀን ካነሳችሁ እኔ የምሰራበት አነስተኛ ብድር ተቋም ጉድ ልንገራችሁ። ሲስተሙን የሰራው ሰው የብድር ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቫርቻር 10 (10 ፊደል የሚይዝ ጽሁፍ) ላይ ነው ያስቀመጠው፣ ‹‹30/02/2018›› እንደዚህ። ሪፖርት ላይ የዘገዩ ቀናትን ለመቁጠር ወደ ዴት ኮንቨርት ስል አንዳንዱ ይሄዳል አንዳንዱ ይወድቃል። ትራይ ኮንቨርት ብዬ የወደቁትን ነል አስደርጌ ሌሎቹን ቆጥሬ ለማኔጅመንት አቀረብኩ፣ ግማሾቹ ተበዳሪዎች ገና ሳይበደሩ ዘግይተዋል ይላል። 😂

ሽቦ_ቆራጩ | ማክሰኞ ማታ 3፡00

ወንድሜ የወደቁት ሳይሆኑ ያልወደቁት ናቸው የሚያስፈሩት። አስበው፣ 30/02 ጥቅምት 30 ነው፣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ይወድቃል፣ ጥሩ፣ ቢያንስ ነገረህ። ‹‹03/04/2018›› ታህሳስ 3 ነው፣ የሎግኢኑ ቋንቋ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ከሆነ ግን ማርች 4 ብሎ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። ጳጉሜ 5ን ‹‹05/13/2017›› ብለህ ጽፈህ እንደሆነ ሜይ 13 ይልልሃል፣ 13ኛ ወር ያለው አገር መኖሩን ማን ነግሮት። ዓመቱ ደግሞ በሁለቱም በኩል የፈረንጅ ተደርጎ ይታያል፣ ዛሬን ከሰርቨሩ ሰዓት ስታመጣ 2025 ነው ብድሩ 2018 ነው፣ ሰባት ዓመት ዘገየ ይልሃል።

የሎግኢን ቋንቋውን ወደ ብሪቲሽ ቀይሬ ቀኑን ከፊት አደርጋለሁ ብትልም አይበቃህም። መስከረም 30 ከተበደረ እና ጥቅምት 1 ከከፈለ አንድ ቀን ነው፣ እንደ ጃንዋሪ 30 እና ፌብሩዋሪ 1 ከቆጠርከው ሁለት ቀን ነው። ወለድ በቀን የምታሰሉ ከሆነ ይሄ ብር ነው።

ጋሽ_ኦዲተር | ማክሰኞ ማታ 3፡25

ልጆች ይህን ጉዳይ እኔ ከሌላኛው በኩል አይቼዋለሁ፣ ሂሳብ መርማሪ ነኝ። ማይክሮው፣ አሁን የተጻፈውን ቀን አትንካው፣ ማስረጃ ነው። ከጎኑ አዲስ ኮለም ጨምረህ የፈረንጁን ቀን በዴት አስቀምጥ። ለማገናኘት የቀን መቁጠሪያ ቴብል ሥራ፣ በቀን አንድ መስመር፣ በዓመት 365 ወይም ጳጉሜ 6 ስትሆን 366፣ አንዱ ኮለም የእኛ ቀን አንዱ የእነሱ። ሃያ ዓመት ብታደርገው ከሰባት ሺህ ትንሽ የሚበልጥ መስመር ነው፣ ለኮምፒውተር ምንም አይደለም። ኮንቨርት ማድረግ ቀርቶ ጆይን ይሆናል። ጆይን ያላገኘው ቀን ካለ ሲገባ የተሳሳተ ነው ማለት ነው፣ ፋይሉ ወጥቶ ይታያል።

ማይክሮው | ማክሰኞ ማታ 3፡40

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ዛሬ ሌሊት ነው የምጀምረው።

ሜሪላንድ_ነኝ | ማክሰኞ ማታ 4፡15

ጋሼ ያሉት ወርቅ ነው። አንድ ወጥመድ ልጨምር፣ ቀን በኤስኪውኤል ውስጥ በጽሁፍ ስትጽፉ መሀሉ ሰረዝ ያለው ዓመት-ወር-ቀን ሁሌ ሰላም ነው ይባላል፣ ለዴት ልክ ነው ለድሮው ዴትታይም ግን ልክ አይደለም፣ የሎግኢኑ ቋንቋ ብሪቲሽ ከሆነ ዓመት-ቀን-ወር አድርጎ ያነበዋል። ያለምንም መለያ 20251110 ብላችሁ ከጻፋችሁ የትም ቦታ አንድ ነው። እዚህ አንድ ፕሮጀክት ላይ ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ነገር ነው፣ እኔ ማሽን ላይ ይሰራል፣ ለንደን ያለው ልጅ ጋር አይሰራም።

አዲስ_ምሩቅ | ረቡዕ ጠዋት 2፡50

ፍሮም ቴክስት ሰራልኝ አመሰግናለሁ ❤️ አንድ የመጨረሻ በናታችሁ፣ የሰራተኛውን ስም በአማርኛ ሳስገባ ???? ይሆናል፣ ይሄም ታይፕ ነው?

ሽቦ_ቆራጩ | ረቡዕ 3፡05

ነው። ኮለሙ ቫርቻር ነው፣ ኤንቫርቻር (የአማርኛን ፊደል የሚይዘው) መሆን አለበት፣ ኢንሰርት ስታደርጊም ከጥቅሱ በፊት የኤን ፊደል አድርጊ፣ ያለዚያ ኮለሙ ቢስተካከልም ጥያቄ ምልክቱ ይቀጥላል። የገባው ???? አይመለስም፣ እንደገና ይጻፋል። እና ኮሌሽኑን (ፊደል የሚወዳደርበትን ደንብ) እዪው፣ የድሮዎቹ ኮሌሽኖች የኢትዮጵያን ፊደል ክብደት አይሰጡትም፣ ሁለት የተለያዩ ስሞችን እኩል ናቸው ብሎ አንድ ግሩፕ ውስጥ ሊከትብሽ ይችላል። 100 የሚል ቁጥር ያለበትን ምረጪ።

ቤቲ_ከሳሪስ | ረቡዕ ከሰዓት 8፡15

ጓዶች ሪፖርቱ ወጣ!! 40 ሰከንድ። ዌሩም ተመልሷል። የፋይናንሷ ማሽን ላይ አሁንም ኤረር ሲሰጥ ልቤ ቆሞ ነበር፣ ለካ እዛ ማሽን ላይ ያለው ዲኤስኤን የድሮው ነው፣ ስሙ ስለተመሳሰለ ነው፣ ሄጄ ቀየርኩት።

አሁን ግን ሌላ ጉድ። ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ የመስከረምን ሪፖርት ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 ብዬ እንደገና አወጣሁትና ባለፈው ወር ከተፈረመበት ፒዲኤፍ ጋር ሳስተያየው አይገጥምም፣ አዲሱ ይበልጣል፣ ያውም በትንሽ አይደለም። ፋይናንሷ ‹‹አዲሱ ሪፖርት ተሳስቷል የድሮውን መልሺልኝ›› አለችኝ። ምንድነው ይሄ? ድራይቨሩ ቁጥር ይጨምራል እንዴ?

ሽቦ_ቆራጩ | ረቡዕ 8፡30

አይጨምርም። ልዩነቱ የየትኛው ቀን ሽያጭ እንደሆነ በቀን ከፋፍለሽ እዪልኝ። የኦክቶበር 10 ብቻ ከሆነ አውቄዋለሁ።

ቤቲ_ከሳሪስ | ረቡዕ 9፡05

የኦክቶበር 10 ብቻ ነው። እንዴት አወቅክ?

ሽቦ_ቆራጩ | ረቡዕ 9፡20

ድሮ ኮለሙ ዴትታይም ነበር፣ ሽያጩ ከነሰዓቱ ነበር የሚገባው። ፓራሜትሩም ዴትታይም ነው፣ ተጠቃሚዋ ቀን ብቻ ስትመርጥ ሰዓቱ 00፡00፡00 ሆኖ ይገባል። ስለዚህ ‹‹እስከ ኦክቶበር 10›› ማለት ኦክቶበር 10 በፈረንጅ ሰዓት ሌሊት ዜሮ ሰዓት ላይ ይቆማል፣ ጠዋት ሱቅ ከተከፈተ በኋላ ያለው ሁሉ ከሪፖርቱ ውጭ ነው። አሁን ሰዓቱ ስለተነሳ ቀኑ በሙሉ ገባ። አዲሱ ነው ልኩ። የድሮው ስድስት ዓመት ሙሉ የየወሩን የመጨረሻ ቀን ሲበላ ነው የኖረው።

ጋሽ_ኦዲተር | ረቡዕ 10፡00

ቤቲ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የፋይናንስ ክፍሉ ይህን ሪፖርት ከካሽ ሬጅስተሩ ዜድ ሪፖርት (የዕለት ሽያጭ ማጠቃለያ) ጋር ሲያስታርቁ በየወሩ ‹‹ማስተካከያ›› የሚል መስመር አላቸው?

ቤቲ_ከሳሪስ | ረቡዕ 11፡40

ጋሼ አሁን ጠይቄያት መጣሁ። አላቸው። ‹‹የሲስተም ልዩነት›› ነው የሚሉት፣ ኤክሴል ላይ በእጅ ነው የሚያስገቡት፣ ከእሷ በፊት የነበሩት ኃላፊም እንደዚሁ ነበር ያስረከቧት እና ማንም ከየት እንደመጣ ጠይቆ አያውቅም። የመስከረሙን ከኦክቶበር 10 ሽያጭ ጋር አስተያየነው፣ እስከ ሳንቲሙ አንድ ነው። ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ከዛ ሳቋን አቆመች።

ማሙሽ2 | ረቡዕ 11፡45

🤯 የኔ 12 ሪፖርቶችስ?? ሁሉም ላይ እስከ አለ።

ሜሪላንድ_ነኝ | ረቡዕ ማታ 1፡00

ማሙሽ አንተ ጋር ኮለሙ አሁንም ዴትታይም ከሆነ ‹‹ከመጨረሻው ቀን እኩል ወይም በታች›› አትበል፣ ‹‹ከመጨረሻው ቀን ማግስት በታች›› በል። 23፡59፡59 ብለህም አትጻፍ፣ ከዛች ሰከንድ በኋላ ያሉ ሽርፍራፊዎች ያመልጡሃል። እኛ ጋር ሌሊት የሚሰራ ፋርማሲ ላይ አጋጥሞኛል።

ቤቲ_ከሳሪስ | ሐሙስ ጠዋት 5፡10

ዛሬ ጠዋት ስብሰባ ተጠራሁ። ሥራ አስኪያጁ በደንብ አዳመጡኝ፣ አመሰገኑኝም፣ ከዛ የስድስቱንም ዓመት ሪፖርት እንደገና አውጪልን አሉ፣ 72 ወር። አንድ በአንድ ቀን እያስገባሁ ልሞት ስለሆነ ጋሼ ያሉትን የቀን መቁጠሪያ ቴብል ሰርቼ በወር ግሩፕ ላደርገው ነው፣ ማይክሮው የሰራኸውን ብትልክልኝ ቡና በኔ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ጳጉሜን የት ነው የምደምራት፣ ከነሐሴ ጋር ነው ወይስ ለብቻዋ?

ማይክሮው | ሐሙስ 5፡30

ፋይሉን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። እኔ ጳጉሜን 13 ብዬ ለብቻዋ ነው ያስቀመጥኳት፣ ከነሐሴ ጋር ደምሩልን ካሉ ኮለሙ ላይ ወር 13ን 12 በያት።

ጋሽ_ኦዲተር | ሐሙስ 5፡50

ከመደመርሽ በፊት ፋይናንሷን ጠይቂያት፣ ጳጉሜ የየትኛው ወር እንደሆነች በጽሁፍ ትስጥሽ።